ጋብ አለ ወይስ አባራ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ፣ ጸሐፊዎቹ ሳይተዋወቁ፣ ስለ አንድ ነገር ይጠይቃሉ። እንግሊዝኛ «ቀስ በቀስ ቀነሰ» ለማለት ስለሚጠቀምባቸው ሐረጋዊ ግሶች ነው። አንድ ተራ ግስ ከአንዲት ትንሽ ቃል ጋር ሲጣበቅ ሌላ ትርጉም የሚያመጣባቸው ማለቴ ነው። ሌሎቹን ጥያቄዎች ለሚቀጥለው ወር አሳድሬ ዛሬ በእነዚህ ላይ ልቆይ።

ለአዲስ አንባቢዎች ያህል፦ ደብረ ብርሃን 7 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። አሁን የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። 16 ዓመት በሐኪም ቤት አስተርጓሚነት ሠርቻለሁ። ምሳሌዎቼ ከሐኪም ቤት የሚበዙት ለዚህ ነው።

ጥያቄ

«ሰላም እትዬ። የ26 ዓመት ልጅ ነኝ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በነርስ ረዳትነት እሠራለሁ። እዚህ ከመጣሁ 2 ዓመቴ ነው። ባለፈው የምንከባከባቸው አንዲት እናት ሌሊቱን ሲጨነቁና ሲጮኹ አደሩ። ወደ ንጋት ላይ ረገብ አሉ። እኔም ተረኛዋ እንድታውቀው ብዬ ማስታወሻው ላይ ‹ሺ ኢዝ ዳይንግ ዳውን› ብዬ ጻፍኩ። ጠዋት የገባችው ነርስ አንብባው እየሮጠች ወደ ክፍሉ ገባች። ሴትየዋ ቁርሳቸውን እየበሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። መዝገበ ቃላቱ እኮ ‹ዳይ ዳውን›ን ‹ረገበ› ነው የሚለው። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? ደግሞስ ዌር ኦፍ፣ ቴፐር ኦፍ፣ ኢዝ ኦፍ፣ ጎ ዳውን፣ ዊን ኦፍ፣ ሁሉም ‹ቀነሰ› ከሆኑ ለምን አንዱን ብቻ ይዤ አልኖርም?»

ት.፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ

ት. ልጄ፣ አይዞሽ። ሌሊቱን ሙሉ አጠገባቸው ሆነሽ፣ ሲረጋጉ አይተሽ፣ ተረኛዋ እንድታውቀው ብለሽ ጻፍሽ። ይህ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። ነርሷም መሮጧ ደግ ነው፤ እንዲህ ያለውን ቃል አንብቦ የሚቀመጥ ነርስ አያድርስ።

መዝገበ ቃላቱም አልዋሸሽም። ያልነገረሽ ግን አንድ ነገር አለ። «ዳይ ዳውን» የሚሉት እሳት፣ ነፋስ፣ ጫጫታ፣ ጭብጨባ፣ ቁጣ ናቸው። ሰው ግን «ዳይ ዳውን» አይልም። ባለቤቱ ሰው ሲሆን የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ «ዳውን»ን ይረሳና «ዳይ» የሚለውን፣ ማለትም «ሞተ»ን፣ ብቻ ይሰማል። በእኛም እኮ እንዲሁ ነው። «ሻማው ጠፋ» ብትዪ ክብሪት ይፈለጋል። «ልጁ ጠፋ» ብትዪ ግን ሰፈሩ ይነሳል። ግሱ ያው አንድ ነው።

ስለዚህ ለሴትየዋ «ሺ ሃዝ ሴትልድ ዳውን» ወይም «ሺ ሃዝ ካልምድ ዳውን» ትያለሽ። ወይም ጩኸቱን ራሱን ባለቤት አድርጊው፦ «ዘ ሻውቲንግ ዳይድ ዳውን»። ያኔ ማንም አይሮጥም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። ለምን አንዱን ብቻ አልይዝም ብለሻል። ለዚህ መልሱ የራስሽ አማርኛ ውስጥ አለ። «ዝናቡ ጋብ አለ» እና «ዝናቡ አባራ» አንድ ናቸው? ጋብ ሲል ጃንጥላሽን ይዘሽ ትወጫለሽ። ሲያባራ ልብስ ታሰጫለሽ። እብጠት ይሟሽሻል፣ ቁጣ ይበርዳል፣ ወንዝ ይጎድላል፣ ድምፅ ይሰልላል፣ ፀጉር ይሳሳል፣ ቀለም ይደበዝዛል፣ ላም ትነጥፋለች፣ የቆየ ወግ ይከስማል። ሁሉም «ቀነሰ» ናቸው። ግን አንድም ቀን ተምታተውብሽ «ላሚቱ ደበዘዘች» ብለሽ አታውቂም። የእንግሊዝኛ ተናጋሪም ሐረጋዊ ግሶቹን የሚሰማቸው እንዲሁ ነው።

እኔ ቃሉን ስሰማ ራሴን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ መጨረሻው ላይ ምን ይቀራል? ብዙ ጊዜ መልሱን የምትሰጠው ያቺ ትንሽ ቃል ናት። «ዳውን» ሲሆን ነገሩ ወርዷል፣ ግን ገና አለ። «ኦፍ» ሲሆን ከአንድ ነገር ላይ እየተላቀቀ ነው። «አውት» ሲሆን ተሟጦ ያልቃል። «አዌይ» ሲሆን እየራቀ ይሄዳል። ሕግ አይደለም፣ ዝንባሌ ነው። የምታስቸግረውን «አፕ»ን ወደ መጨረሻው እንመጣባታለን።

ይህ ለሥራሽ ምን ያህል እንደሚጠቅም በጨው እንየው። ሐኪም «ከት ዳውን ኦን ሶልት» ካለ «ጨው ቀንሱ» ነው። «ከት አውት ሶልት» ካለ «ጨው ተዉ» ነው። በጾም ሥጋ «ከት ዳውን» አናደርግም፣ «ከት አውት» እናደርጋለን። ሁለቱን ያምታታ አስተርጓሚ የታማሚውን ወጥ ያበላሻል፤ አንዳንዴም ከወጥ በላይ ያበላሻል።

አንቺ ከዘረዘርሻቸው ውስጥ «ጎ ዳውን» ቀላሉ ነው። ለትኩሳት፣ ለእብጠት፣ ለደም ግፊት ይሆናል። «ኢዝ ኦፍ» ደግሞ የእኛው «ጋብ አለ» ነው። ሕመሙ ጋብ ብሏል፣ ግን ሊመለስ ይችላል።

«ዌር ኦፍ» ብዙ ሰው የሚስተው ነው። የሚለቀው ሕመሙ ሳይሆን የመድኃኒቱ ኃይል ሊሆን ይችላል። ጥርስ ሐኪም ቤት ያለውን አስቢ። ሐኪሙ ድድሽን ወግቶ አደንዝዞ ሥራውን ይጨርስና «ኢት ዊል ዌር ኦፍ ኢን ኤ ካፕል ኦፍ አወርስ» ይልሻል። አማርኛው «በሁለት ሰዓት ውስጥ ይለቅሻል» ነው። ማደንዘዣ ይለቃል፣ ስካር ይለቃል፣ ድንጋጤም ይለቃል። አንድ ጊዜ ወረፋ እየጠበቅሁ አንድ ወጣት ለእናቱ ይህንኑ «በሁለት ሰዓት ውስጥ ሕመሙ ይቀንሳል» ብሎ ሲነግራቸው ሰማሁ። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ማደንዘዣው ሲለቅ ሕመሙ ይመጣል። የማስታገሻ ኪኒኑም የሚታዘዘው ለዚያ ሰዓት ነው። ደግሞ እስኪለቅ ድረስ በዚያ በኩል ማላመጥ አይገባም፤ ጉንጭን ነክሶ ማድማት አለና። ሮጥ ብዬ ለሴትየዋ አስተካክዬ ነገርኳቸው። ልጁም አመሰገነኝ።

«ቴፐር ኦፍ» ላይ ግን ልቆይ። ይህ ቃል ቤቴ ገብቶ አስለቅሶኛል።

እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥተው እኔ ጋ በተቀመጡበት ጊዜ ትከሻቸውንና ዳሌያቸውን ክፉኛ አመማቸው። ሐኪሙ ፕሬድኒሶን የሚባል ኪኒን አዘዘላቸው። ለወራት ወሰዱት፣ ተሻላቸውም። በአንዱ የቀጠሮ ቀን እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ የአክስቴ ልጅ ይዟቸው ሄደ። ሐኪሙ «ዊ አር ጎይንግ ቱ ቴፐር ሀር ኦፍ» አለው። ልጁ እዚህ ያደገ ነው፤ አማርኛው ለቤት ወሬ ይበቃዋል። «እማማ፣ መድኃኒቱን ሊያስተውዎት ነው» አላቸው። እናቴ ድሮም ኪኒን አይወዱም። «እሰይ! ተመስገን!» ብለው በዚያው ቀን ተዉት።

ብልቃጡ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የሚለው ሌላ ነበር። ለ2 ሳምንት በቀን 4 ኪኒን፣ ለ2 ሳምንት 3፣ ለ2 ሳምንት 2፣ ለ2 ሳምንት 1። በድምሩ 8 ሳምንት። ብልቃጡ ግን መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ተዘጋበት። እኔም ከሥራ ገብቼ «ሐኪሙ ምን አለ?» ስል «ጨርሻለሁ፣ ተገላገልኩ» አሉኝ። ደስታቸውን አይቼ ዝም አልኩ። ብልቃጡን አውጥቼ ሳላይ መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በአራተኛው ቀን ከአልጋ ሲነሱ ወደቁ። ላብ አጥምቋቸው፣ እያቅለሸለሻቸው፣ የደም ግፊታቸው ወርዶ ድንገተኛ ክፍል ገባን። ነርሷ መድኃኒቶቻቸውን ከጠየቀችኝ በኋላ ብዕሯን አስቀምጣ «ፕሬድኒሶኑን መቼ ነው ያቆሙት?» አለችኝ። ያኔ ነው የገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኩላሊቶቻችን በላይ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን የሚያመነጩት እነሱ ናቸው። ፕሬድኒሶን ለረጅም ጊዜ ከውጭ ሲገባላቸው ዕጢዎቹ ሥራ ይፈታሉ። ኪኒኑ ድንገት ሲቋረጥ ወዲያው አይነቁም። ሰውየው በመካከል ባዶውን ይቀራል። መድኃኒቱ ቀስ እየተባለ የሚቀነሰው ዕጢዎቹ ነቅተው ሥራቸውን እስኪይዙ ነው።

እናቴ ዳኑ። የአክስቴን ልጅም አልወቅስም። «ማስተው» ያለው ከመጨረሻው አንፃር ትክክል ነው። የጎደለው መንገዱ ነው። «ቴፐር ኦፍ» ውስጥ ሁለት ነገር አለ፦ በደረጃ መውረድ፣ በመጨረሻም ማቆም። አንዱን ብቻ የተናገረ ግማሹን ነው የተረጎመው።

ከዚያ ወዲህ ይህን ቃል በአንድ ቃል ተርጉሜው አላውቅም። «በየ2 ሳምንቱ ከቀን መጠንዎ ላይ አንድ አንድ ኪኒን እየቀነሱ ይሄዳሉ። ዛሬ አያቆሙም። የሚያቆሙት በዚህ ቀን ነው» ብዬ ቀኑን እናገራለሁ። ቁጥሩን ሁልጊዜ የሚሰጠው ሐኪሙ ነው፣ እኔ ከራሴ አልጨምርም። ከዚያ ታማሚው መልሶ ለእኔ እንዲነግረኝ እጠይቃለሁ። ስትናገሪ አንዴ «እየቀነሱ ይሄዳሉ» የሚለውን አዳምጪው። «እየ» የምትለዋ እና «ሄደ» አብረው መንገዱን ያሳያሉ። እንግሊዝኛው በ«ኦፍ» ያደረገውን እኛ በእነዚህ እናደርገዋለን።

የቃሉ ሥር ደግሞ ደስ ይላል። «ቴፐር» በጥንቱ እንግሊዝኛ የሰም መብራት ማለት ነበር። ዛሬም ቀጭን ረጅሙን የቤተ ክርስቲያን ሻማ «ቴፐር» ይሉታል። የእኛ ጧፍ ማለት ነው። ከሥሩ ወፈር ብሎ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄደውን ሻማ አይተው ነው ለሌላው ነገር ሁሉ የተዋሱት። ቃሉን ስትሰሚ ከታች ወፍሮ ከላይ የሰለለውን ሻማ አስቢ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ያልቃል።

«ዊን ኦፍ» ደግሞ ጡት ማስጣል ነው፤ በቀጥታ። ታማሚን ከኦክስጅን፣ ከመተንፈሻ መሣሪያ፣ ከከባድ የሕመም ማስታገሻ ቀስ ብሎ ማላቀቅን በዚያው ቃል ይጠሩታል። የድሮው ትርጉሙ ማስለመድ ነው። ልጁን ሌላ ምግብ አስለምደሽ ነው ጡት የምታስጥዪው። እናቶቻችን አንዳንዴ እሬት ቀብተው በአንድ ቀን ያስጥላሉ። ያ «ዊን ኦፍ» አይደለም። «ዊን ኦፍ» ቀኑን አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ሌሊቱን ብቻ፣ ከዚያ ጭራሽ እያሉ የሚያስጥሉት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽና ልሰናበትሽ። ማስታወሻ ስትሞዪ ግሱን ስትጠራጠሪ ቁጥር ጻፊ። «ትኩሳታቸው ከ102 ወደ 99 ፋራናይት ወርዷል፣ ከ4 ሰዓት ጀምሮ አልጮኹም» ብለሽ በቀላል እንግሊዝኛ ብትጽፊ ከየትኛውም ሐረጋዊ ግስ ይበልጣል። ቀና ብለሽ ሥራሽን ሥሪ።

ጥያቄ

«ለተከበሩ አዘጋጅ። በአንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ውስጥ ሰነድ እተረጉማለሁ። እኛ ቢሮ ‹ፕሮጀክቱ ፌዝ አውት አድርጓል› ማለት የተለመደ ነው። ሰሞኑን ስለ አየር ንብረት የሚያወራ ሰነድ ላይ ‹ፌዝ ዳውን› የሚል አገኘሁና ሁለቱንም ‹ደረጃ በደረጃ መቀነስ› ብዬ አለፍኩ። አለቃዬ መለሱብኝ። በአንዲት ቃል ይህን ያህል መከራከር ተገቢ ነው?»

ለ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ወንድሜ ለ.፣ በዚችው በአንዲት ቃል ወደ 200 የሚጠጉ አገሮች ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2021 ስኮትላንድ፣ ግላስጎው በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ ረቂቁ ስለ ድንጋይ ከሰል ኃይል «ፌዝ አውት» ይል ነበር። በመጨረሻዋ ሰዓት ህንድ «ፌዝ ዳውን» ይባልልኝ አለች። ተቀየረም። የደሴት አገሮች ተወካዮች በግልጽ አዘኑ። የጉባኤው ሊቀ መንበር አሎክ ሻርማ ይቅርታ ጠየቁ፣ ሳግ ይዟቸውም ንግግራቸውን አቋረጡ። ከሰሉ ይቀራል ወይስ ያንሳል የሚለው ነው ያስለቀሳቸው።

ሁለቱ ቃላት በአንድ ስምምነት ሥር ጎን ለጎን የሚታዩበትም ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. የ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት የኦዞንን ሽፋን የሚጎዱትን፣ በማቀዝቀዣና በሚረጭ ቆርቆሮ ውስጥ የነበሩትን ሲኤፍሲ የሚባሉ ጋዞች «ፌዝ አውት» አደረገ። በኋላ በተጨመሩለት ማሻሻያዎች ጭራሽ ይቅሩ ነው ያለው። በ2016 ኪጋሊ ላይ የተጨመረው ማሻሻያ ደግሞ እነሱን የተኩትን ኤችኤፍሲዎች «ፌዝ ዳውን» ይላል። በአሥርት ዓመታት ውስጥ በከፍተኛ መጠን ይቀነሳሉ፣ ግን ዜሮ አይገቡም።

ስለዚህ «ፌዝ አውት» ደረጃ በደረጃ ማስቀረት ነው። «ፌዝ ዳውን» ደረጃ በደረጃ መቀነስ ነው። አለቃዎ ልክ ናቸው። «ፕሮጀክቱ ፌዝ አውት አድርጓል» ሲሉም ተዘግቷል፣ ሠራተኛው ተሰናብቷል ማለትዎ ነው። ገና እየተጠቃለለ ያለውን «ዋይንድ ዳውን» ይሉታል። የግድግዳ ሰዓት ሞላው እያለቀ ሲሄድ እየዘገየ የሚሄደውን ያስቡ።

መተርጎም ሥራዎ ስለሆነ አንድ ሌላ ነገር ላንሳ፤ ብዙ ዜና ላይ ስለማየው ያንገበግበኛል። «ኢንፍሌሽን ኢዝ ኢዚንግ» ወይም «ሌቭሊንግ ኦፍ» የሚለውን «የኑሮ ውድነቱ ቀነሰ» ብሎ መተርጎም አንባቢን ማሳሳት ነው። እንበል፣ አምና 100 ብር የነበረ ዘይት በ30 በመቶ ግሽበት ዘንድሮ 130 ብር ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ግሽበቱ ወደ 20 በመቶ ወረደ። ዘይቱ ግን 156 ብር ነው። የቀነሰው የመጨመሪያው ፍጥነት እንጂ ዋጋው አይደለም። ገበያ የሄደችው እናት ዜናውን ብትሰማ «ምን ዓይነት ውሸት ነው?» ብትል እውነቷን ነው። «ዋጋው መጨመሩን ቀጥሏል፣ የሚጨምርበት ፍጥነት ግን ረገብ ብሏል» ቢባል ሁለቱም ይነገራሉ። «ሌቭል ኦፍ» ከአብራሪዎች የሚሰማ ቃል ነው። አውሮፕላኑ መውጣቱን አቁሞ ከፍታውን ይዞ መብረር ሲጀምር እንዲያ ይባላል። አልወረደም። እዚያው ሰማይ ላይ ነው።

«ቴፐር»ም የገንዘብ ዜና ውስጥ ይገባል። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2013 በየወሩ 85 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ቦንድ ይገዛ ነበር። በግንቦት ወር ሊቀ መንበሩ ቤን በርናንኪ ግዢው ሊቀነስ እንደሚችል ፍንጭ ሲሰጡ ገበያው ተናወጠ። የህንድ፣ የብራዚል፣ የቱርክ ገንዘብ ወረደ። ከጥር 2014 ጀምሮ ወደ 75 ቢሊዮን ዝቅ አሉ፣ ከዚያም እየቀነሱ ሄደው በጥቅምት ግዢውን አቆሙ። ከላይ ለት. ከነገርኳት የኪኒን አወሳሰድ ጋር አንድ ዓይነት ነው፦ በየደረጃው መውረድ፣ መጨረሻው ላይ ማቆም። ያን ጊዜ «ባንኩ መግዛት አቆመ» ብሎ የተረጎመ ከተግባሩ በወራት ቀድሟል።

ጥያቄ

«መምህርት፣ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። ‹ፒተር አውት› የሚለው ከጴጥሮስ ስም ጋር ይያያዛል? ከ‹ትሬል ኦፍ› እና ከ‹ዳይ አዌይ› በምን ይለያል?»

ከባሕር ዳር

መልስ

ከጴጥሮስ ጋር የሚያያይዘው የተረጋገጠ ነገር የለም። ቃሉ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ አካባቢ ከአሜሪካ ማዕድን ቆፋሪዎች የመጣ ነው። አለት ውስጥ እንደ ክር የሚሄደው የማዕድን መስመር ሲቆፍሩት ሲቆፍሩት እየቀጠነ ሄዶ ሲጠፋባቸው «ፒተርድ አውት» ይሉ ነበር። ዛሬ ለወሬ፣ ለጉጉት፣ ለመንገድም ይሆናል። ገጠር ከዋናው መንገድ የምትገነጠል ጥርጊያ ታውቅ የለ? መጀመሪያ መኪና ታሳልፋለች፣ ቀጥሎ በቅሎ፣ ቀጥሎ አንድ ሰው፣ ከዚያ እርሻ ውስጥ ገብታ ትጠፋለች። «ፒተር አውት» እሷ ናት። ትንሽ የቅሬታ ስሜት አለበት፤ የሆነ ነገር ተጠብቆ ነበር፣ አልመጣም።

«ትሬል ኦፍ» የሰው ድምፅ ነው። ተናጋሪው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ድምፁ ይሰልላል። አስታውሶ ይሆናል፣ ፈርቶ ይሆናል። ልብ ወለድ ስታነብ ሦስት ነጥብ ያለበት ቦታ ላይ ፈልገው።

«ዳይ አዌይ» ደግሞ ርቀት አለበት። ሌሊት የጊዮርጊስ ደወል ሲደወል ሐይቁ ዳር ሆነህ አድምጥ። ምቱ ከቆመ በኋላ ድምፁ ውኃው ላይ እየራቀ፣ እየራቀ ይሄዳል። መቼ እንዳለቀ በትክክል መናገር አትችልም። ፈተና ላይ ሦስቱ ከመጡብህ ቆፋሪውን፣ ተናጋሪውን፣ ደወሉን አስብ።

ጥያቄ

«እህቴ፣ ሲያትል ታክሲ እነዳለሁ። ዕድሜዬ 61 ነው። ተሳፋሪዎቼ ስለ ዝናቡ ‹ኢት ኔቨር ሌትስ አፕ› ይሉኛል። ሁሉ ነገሩ የሚወርድ ዝናብ ላይ ‹አፕ› ምን ይሠራል? እኔስ ምን ብዬ ልመልስ?»

ወ.፣ ከሲያትል

መልስ

ጋሼ ወ.፣ «ሌት አፕ» ጋብ ማለት ነው፤ የያዙትን ነገር ላላ ማድረግ። ብዙ ጊዜ በአሉታ ነው የሚነገረው። ተሳፋሪዎችዎ «ጋብ እንኳ አይልም» ነው የሚሉዎት። የሲያትል ዝናብ ከአዲስ አበባው የነሐሴ ዶፍ ጋር አይወዳደርም፣ ካፊያ ነው። ግን የብርዱን ወራት ሙሉ ቀን ከቀን ስለሚያካፋ «ሌት አፕ» የሚለው ቃል ለከተማው የተሠራ ይመስላል።

«አፕ»ን ወደ ላይ ብለው አይተርጉሙት። ከአንዳንድ ግስ ጋር ስትሆን ማላላት ነው፦ «ሌት አፕ»፣ «ኢዝ አፕ»። ከሌላው ጋር ስትሆን ደግሞ ጨርሶ ማለቅ ነው። «ድራይ አፕ» ነጠፈ፣ ደረቀ ማለት ነው። የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ በእንግሊዝኛ የተጻፈው በዚህ ቃል ነበር። «ዩዝ አፕ» ደግሞ ተጠቅሞ መጨረስ ነው። ስለዚህ «አፕ» ስትመጣ ግሱን አይተው ነው የሚፈርዱት።

ለመልሱ «ኢት ሹድ ሌት አፕ ባይ ኑን» ይበሏቸው። «እስከ እኩለ ቀን ጋብ ይላል» ነው። ሬዲዮው «ሻወርስ ቴፐሪንግ ኦፍ ባይ ኢቭኒንግ» ካለዎት ደግሞ ካፊያው እየሳሳ እየሳሳ ወደ ማታ ያባራል ማለት ነው። የመስታወት መጥረጊያውን ከፈጣኑ ወደ ዘገምተኛው ዝቅ ያድርጉት። ገና አያጥፉት።